ባሕር ባይኖረንም ደለል አለን

ባለፈው ክረምት ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር ዝናብ ተጠልለን ቆመን ነበር። አንዱ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። የባሕር ኤሊ ናት። አፍንጫዋ ውስጥ የተሰካ የፕላስቲክ መምጠጫ በጉጠት ይጎትቱላታል፣ ደም ይፈሳታል። ሁላችንም ፊታችንን አጨማደድን። ከዚያ ሌላኛው ጓደኛችን እየሳቀ፣ «እኛ እንኳን ተመስገን፣ ባሕር የለንም» አለ።

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ግን እዚያው እግራችን ሥር ያለው ቦይ ሞልቶ ይጋልብ ነበር። ጥቁር ፌስታል፣ ቢጫ ፌስታል፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ሁሉም ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ ከተማው ታጥቦ ንጹሕ ሆነ። «ክረምት ደግ ነው፣ ቆሻሻውን ወሰደልን» የሚል ሰውም አልጠፋም።

ወሰደልን፤ እሺ። ግን የት ወሰደው?

ይቺ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቀቀችኝም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ኬሚስት አይደለሁም። ኢኮኖሚክስ ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ የሆነ ሰው ሒሳብ ሳይከፍል ከተነሳ፣ ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው። ስለዚህ ቦዩን በሐሳብ ተከትዬ ወረድኩ። እስቲ አብረን እንውረድ።

ውሃው የሚሄድበት

ዳንግላ ወረዳ የውሃ መለያያ ናት። የሰሜን ምሥራቅ ክፍሏ ውሃ ወደ ግልገል ዓባይ ይወርዳል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና ይገባል። የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ውሃ ግማሹ በቀጥታ፣ ግማሹ በበለስ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። እንግዲህ ከቤታችሁ ደጃፍ የተነሳች ፌስታል ሁለት ዕጣ አላት፦ ወይ ጣና፣ ወይ የዓባይ ሸለቆ።

«ከዚያማ ሱዳን፣ ከዚያ ግብፅ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን፤ የነሱ ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ነገሩ ድሮ እንደዚያ ነበር። የግብፅ ገበሬ ለሺህ ዓመታት ያረሰው ጥቁር አፈር በአብዛኛው ከእኛ ተራሮች የታጠበ አፈር ነው። ናይል ሜዲትራኒያን ዳር ላይ የገነባው ሰፊ የደለል ምድርም እንዲሁ። ልጆች ሆነን ዓባይ አፈራችንን ይዞ እንደሚሄድ ስንዘፍንና ስንወቅስ ኖረናል። ባሕር ባይኖረንም ደለላችን ባሕር ዳር ቤት ሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ግን ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ የናይል ደለል ሜዲትራኒያን መድረሱን ከሞላ ጎደል አቆመ። ከዚያ ወዲህ ደለሉ ግድቡ ጀርባ ይከማቻል፤ የግብፅ የባሕር ዳርቻም አፈር የሚተካለት አጥቶ እየተበላ ነው። አሁን ደግሞ የእኛ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ስልካችን ላይ ተጥደን አይተነዋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ነው። ውሃ ሲቆም የያዘውን ያስቀምጣል፤ የውሃ ጠባዩ ነው። በበለስ የወረደው አፈር የሚያርፈው እዚያ ነው። ከአፈሩ ጋር የተሰባበረው ፕላስቲክም።

ያኔ መናኸሪያው ጋ የሳቅንባት ቀልድ እዚህ ላይ ቀልድነቷ ያበቃል። ፌስታሉ የሰው አገር ባሕር አይደርስም። በቦንድና በስልክ መልእክት ብር ያዋጣንበት ግድብ ሥር፣ ወይም ጣና ግርጌ ይተኛል።

ዘንገና፦ መውጫ የሌለው ሳህን

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። ከሳን አልፎ እንጅባራ ሊደረስ ሲል፣ መንገዱ ዳር፣ በዛፍ የተከበበች ክብ ሐይቅ አለች፤ ዘንገና። በጥንት እሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛች ውሃ ናት። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቀቷ ግን 166 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጣናን ተመልከቱ፤ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሆኖ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው።

ዘንገና የሚገባባት ትልቅ ወንዝ የለም፤ የሚወጣላት ወንዝም የለም። የገባባት ነገር አይወጣም። እዚያ ዳር ቆመን ሠርግ ስንቀረጽ፣ ሽርሽር ሄደን ቆሎና ለስላሳ ስንቋደስ የወደቀች የጠርሙስ ክዳን፣ የሆነ ቀን ነፋስ ይገፋታል። መጀመሪያ ትንሳፈፋለች። ፀሐይ ያደርቃታል፣ ትሰነጠቃለች፣ ትሰባበራለች፣ አልጌ ይለብሳታል፣ ትከብዳለች። ከዚያ ትሰምጣለች። ታችኛው ጭቃ ላይ ስታርፍ ብርሃን የለም፣ ቅዝቃዜ ነው። ፕላስቲክ እንዲፈርስ የሚያደርጉት ዋና ነገሮች፣ ፀሐይና ሙቀት፣ እዚያ የሉም። በየዓመቱ ደለል ይደረብባታል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ።

«እንደ መጽሐፍ» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ካሊፎርኒያ አቅራቢያ ሳንታ ባርባራ በሚባል የባሕር ወለል ተመራማሪዎች ጭቃውን እንደ ሸንኮራ አገዳ በረጅሙ ቆርጠው አወጡና ዓመት በዓመት አነበቡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው፣ ከ1945 ወዲህ በደለሉ ውስጥ የሚገኘው የፕላስቲክ ቅንጣት በየ15 ዓመቱ ገደማ እጥፍ ሆኗል። ጭቃው ውስጥ የተጻፈው የእኛ ዘመን ማስታወሻ ነው። አንድ ቀን የእኛ አገር ተማሪ የዘንገናን ጭቃ እንደዚያ ያነበው ይሆናል። የእኔና የእናንተ ዓመታት የቱ ገጽ ላይ እንዳሉ ለማወቅ አይቸገርም።

ፕላስቲክ ብቻውን አይመጣም

ብዙዎቻችን ፕላስቲክን የምናስበው እንደ «የማይበሰብስ ቆሻሻ» ነው። ያስጠላል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ከብት ውጦት ይሞታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የማይታየው ክፍል ይብሳል።

ፕላስቲክ ወጥ ነው ብላችሁ አስቡ። ዋናው እህል ፖሊመር የሚባለው ነው። ቅመሙ ግን ብዙ ነው። እንዲለሰልስ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ቀለም እንዲይዝ ሌላ፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው ሌላ፤ እሳት እንዳይዘው ሌላ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከፕላስቲክ ጋር የተያያዙ ከ13,000 በላይ ኬሚካሎች መለየታቸውን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ3,200 በላይ የሚሆኑት አሳሳቢ ጠባይ እንዳላቸው ገልጿል። ፋታሌት የሚባሉት ለስላሳ ፒቪሲን የሚያለሰልሱ ናቸው። ቢስፌኖል ኤ ደግሞ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ይሠራበታል። ሁለቱም የሰውነት ሆርሞን ሥራ ውስጥ ጣልቃ በመግባት ይታወቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤን ከሕፃናት ጡጦ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ዋናው ነጥብ ይኸው፦ ከእነዚህ ቅመሞች አብዛኞቹ ከፖሊመሩ ጋር የተጣበቁ አይደሉም። ውስጡ ገብተው የተቀመጡ ናቸው እንጂ። ስለዚህ ጊዜ ሲያገኙ፣ ሙቀት ሲያገኙ፣ ቅባት ሲያገኙ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ውሃ አይወዱም። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚጠጉበት ነገር ይፈልጋሉ፤ የሚያገኙትም ጭቃውን ነው። ለዚህ ነው በመላው ዓለም በባሕር ዳርቻ የሚሠሩ ኬሚስቶች ውሃውን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ደለል የሚመረምሩት። ውሃው ጠርቶ ጭቃው ሊመረዝ ይችላል።

ደግሞ ፕላስቲኩ የራሱን መርዝ ብቻ አይደለም የሚይዘው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በባሕር ላይ የተንሳፈፉ የፕላስቲክ ፍሬዎችን ሲመረምሩ፣ ከዲዲቲ የሚፈጠር ውሕድና ፒሲቢ የተባሉ አደገኛ ኬሚካሎች በዙሪያው ካለው ውሃ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚደርስ እጥፍ ተጠራቅመውበት አገኙ። ፕላስቲክ እንደ ስፖንጅ ነው። መንገዱን ሁሉ እየጠረገ ይሄድና የሰበሰበውን ይዞ ይሰምጣል።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ አገር ጥናት ነው» ለሚል፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት በሐይቁ ከተያዙ ዓሦች 35 በመቶ በሚሆኑት ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ልዩነቱ ነው። እንደ አምባዛና ካርፕ ያሉ ከታች፣ ጭቃው አካባቢ የሚመገቡት፣ ከላይ ከውሃው ከሚመገበው ቆሮሶ ይልቅ በግልጽ የበለጠ የፕላስቲክ ቅንጣት ነበረባቸው። ጭቃ የሚበላ ጭቃው ውስጥ ያለውን ይበላል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚህ ተነስታችሁ ስለ ጣና አስቡ። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዓሦች መኖሪያ ነው። ከነሱ አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ግልገል ዓባይ ከነዚህ አንዱ ነው። ሐይቁ ደግሞ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ በተነሳ ቁጥር የታችኛው ደለል ይማሰላል። የዘንገና ወለል የተዘጋ ሳጥን ከሆነ፣ የጣና ወለል ግን ክዳን የሌለው ድስት ነው። እኛ ከላይ፣ ከዳንግላ ጓሮ የላክነው ነገር ባሕር ዳር ላይ በዓሳ ጥብስ መልክ ሊመለስ የሚችልበት መንገድ ክፍት ነው።

ላጋንን አልፈልግም። ሁሉም ፕላስቲክ እኩል አይደለም። ተራው ነጭ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ከፒቪሲ ጋር ሲነጻጸር ቅመሙ ያነሰ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ጥቁር ፌስታል ብዙ ጊዜ ከተሰበሰበ አሮጌ ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ያ አሮጌ ፕላስቲክ ቀድሞ ምን ነበር? የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ? የኬሚካል ጀሪካን? ፌስታሉ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የብስኩት ማሸጊያ እንኳ ውስጡ ያለውን ይዘረዝራል። ብስኩቱን የያዘው ፌስታል ግን ዝም ነው።

ቤታችን ውስጥ

ደለሉ ሩቅ ከመሰላችሁ ወደ ጓዳ እንግባ። አዊ የከሰል አገር ነው። በተለይ ፋግታና ባንጃ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ አዲስ አበባ ድረስ እየላከ ኑሮውን ቀይሯል። ከሰሉ ግን በምን ይያያዛል? በብዙ ቤት በፌስታል። ክብሪት፣ ቁራጭ ፌስታል፣ ከሰል። እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ነበር የማያይዘው፤ ጭሱ ሲያስነጥሰኝ እስቅ ነበር። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲቃጠል፣ በተለይ ፒቪሲ ከተቀላቀለበት፣ ዳዮክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ ውሕድ ይፈጠራል። ጭሱ ቡና በሚፈላበት ክፍል ይቀራል። አመዱ ጓሮ ይደፋል። ጓሮ ያለው አመድ በክረምት ወደ ቦዩ ይገባል፤ ወይም ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል።

ጉድጓድ ስል የምሬን ነው። ዳንግላ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣውም የሚያጠጣውም በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ መሆኑ የአካባቢው በረከት ነው። በረከት ቅርብ ሲሆን ግን አደጋውም ቅርብ ነው።

ከዚያ ትኩስ ሽሮ በፌስታል ቋጥረን እንገዛለን። ትኩስ ሻይ በስስ የፕላስቲክ ኩባያ እንጠጣለን። ሙቀትና ቅባት ቅመሙን እንደሚያስወጡ ከላይ ብያለሁ፤ ሽሮ ሁለቱም አለው።

የጠርሙስ ማስያዣ የነገረኝ

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ለምንድን ነው መንገድ ላይ ፌስታልና ሃይላንድ ሞልቶ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ግን ወድቆ የማናየው?

ስለማንጠጣ አይደለም። ጨዋነታችንም ከፕላስቲክ ወደ ብርጭቆ ሲሄድ አይቀየርም። ባለሱቁ «ጠርሙስ አስይዝ» ስለሚል ነው። ማስያዣ ከፍለህ ወስደህ፣ ጠርሙሱን ስትመልስ ብርህን ትቀበላለህ። ጠርሙሱ ብር ስለሆነ ልጅ እንኳ ቢያገኘው ሮጦ ሱቅ ይመልሰዋል። ይህን አሠራር ከአውሮፓ ባለሙያ አልተማርነውም፤ እናቶቻችን ሳጥን ቢራ ለድግስ ሲገዙ ጠርሙስ እየቆጠሩ ሲመልሱ አይተነው ያደግንበት ነው።

ሃይላንዱ ማስያዣ የለውም፤ ግን ቢያንስ ቆራሌው ይፈልገዋል። ስለዚህ የተወሰነው ይሰበሰባል። ፌስታሉንስ? ማንም አይፈልገውም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። አንድ ትንሽ ፌስታል 5 ግራም ቢመዝን፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት 200 ፌስታል ከጭቃ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማን ይህን ይሠራል? በገበያ ላይ ፌስታል ሲሰጥህ ወይ በነጻ ነው፣ ወይ በጥቂት ብር። እውነተኛ ዋጋው ግን ቦይ ጠራጊው ጋ፣ ላሟ የሞተችበት ገበሬ ጋ፣ ጉድጓዱ ጋ፣ ጣና ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለፋብሪካው ያተርፋል፤ አንተ ለአሥር ደቂቃ ትገለገልበታለህ፤ ጭቃው ግን ለመቶ ዓመት ይከፍላል።

ዋጋ ሲቀመጥ ሰው ይለወጣል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ብትጥል አጠቃቀሙ 90 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ጭራሹን ከለከለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከባድ ቅጣት ይዛ መጣች። መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ግን ሁሉም «ነጻ» የሚለውን ቃል ከፌስታል ላይ አንስተዋል።

ሕጉ አለ፤ ከማን ይጀምር?

እኛም ሕግ የለንም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ሲሰማ ማኅበራዊ ሚዲያው በቀልድና በንዴት ተሞላ። ታስታውሳላችሁ።

እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። በግልጽ ልናገር፤ 18 ዓመት ጠብቀን ነው። ግን የቅጣቱ ጫፍ መጀመሪያ የሚያርፈው ማን ላይ ነው የሚለው ጥያቄ የሞት ሽረት ጥያቄ ነው። ገበያ ላይ መደብ ዘርግታ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ እትዬ፣ 5,000 ብር ብትቀጣ የወሩ ትርፏ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ካፒታሏ ነው። እሷን ለመቅጣት ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ፋብሪካው ግን አጥር አለው። ሕግ ቀላሉን መንገድ ከመረጠ፣ ሰው ፌስታልን ሳይሆን ሕጉን ይጠላል። ያኔ ፌስታሉ ከመደብ ላይ ይጠፋና ከመደብ ሥር ይሸጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥጥሩ ከምንጩ ይጀምር። ፌስታል ከፋብሪካ በር በኩንታል ነው የሚወጣው፤ ገበያ ሲደርስ በፍሬ ይበተናል። ኩንታሉን መያዝ ፍሬውን ከማሳደድ በርካሽ ያልቃል። ይህ የሥነ ምግባር ስብከት ሳይሆን የወጪ ስሌት ነው።

ሁለተኛ፣ ለሃይላንድም ማስያዣ ይደረግ። የለስላሳ ጠርሙስን ከመንገድ ያነሳው አሠራር የፕላስቲኩን ጠርሙስ የማያነሳበት ምክንያት የለም። ሕፃናትና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ቦዩን የሚያጸዱት በዘመቻ ቀን ብቻ መሆኑ ይቀርና በየቀኑ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቦዩ ውስጥ ብር አለ።

ሦስተኛ፣ ምን እንደተጨመረበት ይጻፍ። የዓለም አገሮች ስለ ፕላስቲክ አስገዳጅ ስምምነት ለመድረስ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተበትነዋል። ካጨቃጨቃቸው ጉዳዮች አንዱ የኬሚካሎቹ ነገር ነበር። እነሱ እስኪስማሙ ድረስ ግን አገር በራሷ ገበያ የሚሸጥ የምግብ መያዣ ውስጥ ምን እንዳለ የመጠየቅ መብት አላት።

«በዚህ ጊዜ ስለ ፌስታል?»

ይህን ጽሑፍ ለአንድ ወዳጄ ሳሳየው፣ «አንተ፣ አገሩ ሰላም አጥቶ፣ ሰው መንገድ መውጣት ፈርቶ፣ አንተ ስለ ጭቃ ትጽፋለህ?» አለኝ። አልተናደድኩም። እውነቱን ነው። በክልላችን ሰው ከቀን ወደ ቀን የሚያስበው ስለ መግባትና ስለ መውጣት ነው። ኑሮው ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ግን ሁለት ነገር መለስኩለት። አንደኛው፣ ጦርነት አንድ ቀን ያልቃል፤ ደለል ግን አያልቅም። ሰላም ሲመጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የሚጠጣው ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ነው። ሁለተኛው፣ ድሃ ነንና ይቅርብን የሚለው ክርክር ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ሀብታም ሰው ውሃ ያጣራል፣ ዓሳ ከሌላ ቦታ ያስመጣል፣ ሲታመም ይታከማል። ጉድጓዱና ጣናው ብቻ ያለው ሰው ነው መተኪያ የሌለው። የፌስታል ሒሳብ በመጨረሻ የሚመጣው ለእሱ ነው።

ደግሞ ምትኩ ከሰማይ አይወርድም፤ ደጃችን ላይ በቅሏል። እንጅባራ የቀርከሃ አገር ናት። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሸጡ ወጣቶችን ያላየ መንገደኛ የለም። ቀርከሃ ወንበር ከሆነ ቅርጫትም ይሆናል። ከዲከረንስ ከሰል ሠርቶ አዲስ አበባን የሞላ አካባቢ፣ ክልከላው በሚከፍተው ገበያ የገበያ ቅርጫትና ዘንቢል ሠርቶ መሸጥ አያቅተውም። ፌስታል ሲወጣ የሚከፈተው ክፍተት የሆነ ሰው እንጀራ ነው፤ ለምን የእኛ አይሆንም? ለዚህ ግን መነሻ ብድር፣ የሽመና ሥልጠና፣ የገበያ ትስስር ቶሎ መምጣት አለበት። አለበለዚያ ክፍተቱን ሌላ ፕላስቲክ ይሞላዋል፤ «ጨርቅ መሳይ» የሚባለው ከረጢት ራሱ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፕላስቲክ።

እኛ ስልክ የያዝነውስ? ብዙ አልጠይቅም። ከሰል በፌስታል አናያይዝ፤ የዲከረንስ ቅርፊትና ጭራሮ በነጻ አለ። ትኩስ ምግብ ልንገዛ ስንሄድ ዕቃ ይዘን እንሂድ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሁላችንም ፈረሱን እንቀርጻለን፤ ፈረሱ በሸለመው መጣብር፣ በሰውየው ኩራት ልባችን ይሞላል። ለምን አንድ ዓመት ያን ሜዳ ሃይላንድ ሳንጥልበት አንወጣም? አባቶቻችን ከዚያ ሜዳ ትተው የሚሄዱት የፈረስ ኮቴ ብቻ ነበር።

በቀደም እናቴ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን ስጠኝ አለችኝ። ጥግ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል፤ እጄታው በጨርቅ የተጠገነ ነው። «ይሄ ዘንቢል ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።

«አንተን ሳልወልድ የተገዛ ነው» አለችና አራግፋ ያዘችው። «እንደናንተ ዕቃ መሰለህ?»

እኔ በዚያ ዘንቢል ዕድሜ ስንት ሺህ ፌስታል እንደጣልኩ ለመቁጠር ሞከርኩ። አልቻልኩም። ጭቃው ግን ቆጥሮታል።